ልብ ካላየ ዓይን አያይም
(እምነትና ቁርጥ ሐሳብ በጤና አጠባበቅ ላይ ስላላቸው ኀይል)

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ስለ ዝንጉ ሰው ብቻ የተነገረ ቢመስልም፣ የሰውን ጠባይ ለሚያጠና ተማሪ ሰፊ ትምህርት ይዟል። እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚጠጣን ውሃ ማፍላት፣ የታዘዘን መድኀኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ እንደሚገባ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል። በፈተና ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ሙሉ ማርክ እናገኛለን። ዳሩ ግን ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው እጃቸውን የሚታጠቡትን ሰዎች ቆሞ የቆጠረ ሰው፣ ዕውቀትና ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቁ ወዲያው ይረዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው የሚጠቅመውን ነገር እየሰማ ስለ ምን አያደርገውም? ብዙዎች «ስላልተማረ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሌሎችም «ሰነፍ ስለ ሆነ ነው» ይላሉ። ሁለቱም መልሶች ጥቂት እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን አይበቁም። የተማሩ ሰዎች ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ከማለዳ እስከ ማታ መሬት ሲቆፍር የሚውለውንም ገበሬ ሰነፍ የሚለው የለም።

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ከመስማት እስከ ማድረግ ድረስ ሁለት ወንዞች መኖራቸውን ነው። የመጀመሪያው ወንዝ እምነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቁርጥ ሐሳብ ወደ ሥራ የሚያሻግረው ነው። «እምነት» ስል እዚህ ላይ ሃይማኖትን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ሰው ስለ አንድ በሽታ መነሻ፣ አደጋና መከላከያ በልቡ እውነት ነው ብሎ የያዘውን ማለቴ ነው። «ቁርጥ ሐሳብ» ማለትም «ይህን አደርጋለሁ» ብሎ በልብ መወሰን ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

፩/ ነጻ ራጅ ቀርቦለት የቀረ ሕዝብ

በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር የሳንባ ነቀርሳ ገና ብዙ ሰው የሚያሰጋ በሽታ ነበር። ይህ በሽታ በደረት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ፣ ሰውየው ሳልና ክሳት ሳይታይበት አስቀድሞ በራጅ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸው መኪናዎች በየሰፈሩ እየቆሙ፣ ሕዝቡ ያለ ክፍያ እንዲመረመር ይጋበዝ ነበር። መኪናው በደጅ ቆሞ፣ ገንዘብም ሳይጠየቅ፣ አያሌ ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ።

በአገሩ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚሠሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ከእነዚህም መካከል ጎድፍሪ ሆክባምና ኧርዊን ሮዘንስቶክ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሡ። ሆክባም በቦስተን፣ በክሊቭላንድና በዲትሮይት ከተሞች የሚኖሩ ከ1,200 በላይ አዋቂዎችን ጠየቀ። ጥያቄዎቹ በሁለት ነገሮች ላይ ያተኮሩ ነበሩ፦ «የሳንባ ነቀርሳ እኔን ሊይዘኝ ይችላል ብለህ ታምናለህን?» እና «በሽታው ምልክት ሳያሳይ ቀድሞ ቢገኝ ይጠቅመኛል ብለህ ታምናለህን?»

በ1958 የታተመው የጥናቱ ውጤት እጅግ የሚያስደንቅ ነበር። ሁለቱንም ነገር ከሚያምኑት ሰዎች መካከል ከመቶ 82ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው ራጅ ተነሥተው ተገኙ። ሁለቱንም ከማያምኑት ግን የተነሡት ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። አንዱን አምነው ሌላውን ያላመኑት በመካከል ቆሙ። መኪናው ለሁሉም እኩል ቀርቦ ነበር፤ የለያቸው በልባቸው የያዙት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። ሰዎቹ የተጠየቁት ራጁን ከተነሡ በኋላ ነው። ምናልባት እምነቱ ራጁን አላመጣው ይሆናል፤ ራጁ እምነቱን አምጥቶት ይሆናል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ሊቃውንትም አንሥተውታል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች እምነቱን አስቀድመው እየመዘገቡ፣ ሥራውን በኋላ መቁጠር ጀመሩ። የእምነት ኀይል ግን በእነዚህም ጥናቶች በብዙ ስፍራ ታይቷል፤ መጠኑ ብቻ ከበሽታ በሽታ፣ ከአገር አገር ይለያያል።

፪/ ሰው በልቡ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ከዚህ ጥናትና ከተከታዮቹ የተገኘው ትምህርት በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ሰው ስለ ጤናው ምክር ሲሰማ፣ አፉን ሳይከፍት በልቡ የሚከተሉትን ይጠይቃል።

መጀመሪያ፣ ይህ በሽታ እኔን ሊይዘኝ ይችላልን?
ሁለተኛ፣ ቢይዘኝስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው?
ሦስተኛ፣ አድርግ የሚሉኝ ነገር በእርግጥ ያድነኛልን?
አራተኛ፣ የሚያስከፍለኝ ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ሕመም ወይም ኀፍረት ከጥቅሙ ይበልጣልን?
አምስተኛ፣ ይህን ነገር ለማድረግ ችሎታው አለኝን?

አምስተኛው ጥያቄ በመጀመሪያ አልነበረም። አልበርት ባንዱራ የተባለው ሊቅ በ1977፣ ሰው እችለዋለሁ ብሎ ያላመነውን ነገር አጥብቆ እንደማይጀምር፣ ቢጀምርም በመጀመሪያው መሰናክል እንደሚተወው ካስረዳ በኋላ፣ ሮዘንስቶክና ባልደረቦቹ በ1988 ከአራቱ ጋር አስገቡት። ከእነዚህም ሌላ የሚቀሰቅስ ነገር ያስፈልጋል። የጎረቤት መታመም፣ በራዲዮ የተሰማ ቃል፣ ወይም የሐኪም ማስታወሻ የተኛውን ሐሳብ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባገራችን ቆላማ ስፍራዎች የወባ በሽታ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የበቆሎ እሸት የሚበላውም በዚያው ወራት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ «ወባ የሚመጣው እሸት ከመብላት ነው» የሚል እምነት ይገኛል። ይህን የሚል ሰው ሞኝ አይደለም፤ ዓመት ከዓመት ሁለቱን ነገሮች አብረው ሲመጡ አይቷል። ያላየው ሦስተኛውን ነገር ነው፤ ይኸውም ዝናቡ ትቶት በሄደው ኩሬ ውስጥ የምትራባውን የወባ ትንኝ ነው። ለዚህ ሰው አጎበር በነጻ ብንሰጠው ሦስተኛው ጥያቄ ያሰናክለዋል፤ በሽታው በአፍ የሚገባ ከሆነ በአልጋ ላይ የሚዘረጋ መረብ ምን ይረባዋል? አጎበሩን ለሌላ ሥራ ቢያውለው አሳቡ ከእምነቱ ጋር የተስማማ ነው። መታረም የሚገባው እጁ ሳይሆን ከእጁ በስተ ኋላ ያለው እምነት ነው።

፫/ በአገራችን ያለ ታላቅ ምሳሌ፦ የዝሆኔ እግር

እምነት በጤና ላይ ያለውን ሥልጣን ከዝሆኔ እግር የበለጠ የሚያሳይ በሽታ ባገራችን ማግኘት ያስቸግራል። በመላ አገሪቱ ከተደረገ የካርታ ጥናት በኋላ የሕመምተኞቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል።

የዝሆኔ በሽታ ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ቀጭን ትል ያመጣዋል። ይሁን እንጂ ያ ትል በማይኖርበት በደጋውና በወይና ደጋው ብዙ ሰዎች እግራቸው ያብጥ ስለ ነበር ነገሩ ሐኪሞችን ሲያስቸግር ቆየ። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህን ሕመም አጥንቶ፣ ምክንያቱ አፈር መሆኑን አስረዳ። ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ «እግር» እና «ትቢያ» ከሚሉት ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ስፍራ ሲፈርስ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች ይወጡታል። ሰው በዚህ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ፣ ቅንጣቶቹ በቆዳው አልፈው ከእግሩ ፈሳሽ በሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ይገባሉ። ሰውነትም ባዕድ ነገር እንደ ገባበት አውቆ ይቆጣል፤ ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይዘጋሉ፤ መመለሻ ያጣው ፈሳሽም ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ እያበጠ ይሄዳል። በየጊዜውም እግሩ ይግላል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ሕመምተኛው ለቀናት ከአልጋ ይውላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስናና በወጣትነት ዘመን ነው። ስለዚህ ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን የእኛ የእድሜ እኩዮች ነገር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብም መከላከል ይቻላል። መከላከያው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በሽታው ስለ ምን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሄዳል? ድህነት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ሌላው ግን እምነት ነው። እነሆ፣ ስለዚህ በሽታ ሰዎች ከሚናገሯቸው እምነቶች ሦስቱን እንይ፤ እያንዳንዱ እምነት ወደ ምን ሥራ እንደሚመራም እንከተል።

የመጀመሪያው፣ በሽታው ርግማን ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ነው የሚለው ነው። ይህን የሚያምን ቤተሰብ በእግሩና በአፈሩ መካከል ምንም ዝምድና ስለማይታየው ጫማ መግዛትን ከሕክምና አይቆጥረውም። እዚህ ላይ አስተዋይ መሆን ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ጠበል መሄዱና መጸለዩ፣ እግሩን በሳሙና ታጥቦ ጫማ ከማድረጉ ጋር አይጣላም። ጸሎቱን የሚነቅፍ መካሪ ጆሮ አያገኝም፤ «እሱንም ያድርጉ፣ ይህንንም አይተዉ» የሚለው ግን ይሰማል።

ሁለተኛው፣ በሽታው ይጋባል የሚለው ነው። ይህ እምነት ሕመምተኛውን ከበሽታው ይልቅ ይጎዳዋል። ሰዎች ከአጠገቡ መቀመጥን ይሸሻሉ፤ ልጆቹን ለትዳር የሚጠይቅ ይጠፋል፤ ተማሪ ከሆነም በጓደኞቹ ዘንድ ስለሚያፍር ትምህርቱን ይተዋል። እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚፈራ ሰው በሽታው ገና ሲጀምረው፣ ማለት በቀላሉ ሊረዳ በሚችልበት ሰዓት፣ እግሩን ሸፍኖ ይደብቃል። «በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት የለውም» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ነገር ግን እንዲሸሽግ ያደረገው የኛ የጤነኞቹ እምነት መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ሦስተኛው፣ በዘር የሚመጣ ስለ ሆነ ጫማ አያስቀረውም የሚለው ነው። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ ግማሹ እውነት ነውና። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ደጋግሞ እንደሚታይ ሁሉም ያያል። በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናትም፣ ከወላጅ በሚወረሱ አንዳንድ የባሕርይ ምልክቶች ምክንያት አንዳንድ ሰዎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ «በዘር የለም» ብሎ መከራከር ሐሰት ይሆናል። እውነቱን በሙሉ ማስረዳት ግን ይቻላል። የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። ደረቅ የሣር ክዳን ያለው ቤት ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ለእሳት ቅርብ ነው፤ ፍም ካልነካው ግን አይቃጠልም። ክዳኑ ዘር ነው፤ ፍሙ አፈሩ ነው፤ ጫማ ደግሞ ፍሙን የሚያርቅ ነው። እንግዲያውስ በዘሩ በሽታው ያለበት ልጅ ጫማ የሚያስፈልገው ከሌላው ልጅ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ነው። ያው አንድ እውነት በትክክል ሲተረጎም፣ ተስፋ ከማስቆረጥ ይልቅ ለጥንቃቄ ያነሣሣል።

ሕመሙ ከጀመረ በኋላስ? እዚህም «ከእንግዲህ ምን ይረባል» የሚል እምነት እንቅፋት ይሆናል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች ለ12 ወራት የተከታተሉትና በ2018 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። ከግማሾቹ ጋር እግርን በየዕለቱ የመታጠብ፣ ቅባት የመቀባት፣ በፋሻ የመጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ የማድረግ ሥራ ወዲያው ተጀመረ፤ ሌሎቹ ጥናቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። የሚያስተኛው የትኩሳትና የሕመም ግርሻ በሚጠብቁት ላይ በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲደርስ፣ በሚታጠቡት ላይ ወደ 19.4 ጊዜ ወረደ። ይህ ፈጽሞ መዳን አይደለም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ መትረፍ ማለት ነው። በእርሻ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

፬/ የሰው ዓይንና የራስ ችሎታ

እምነቱ ቢስተካከል ሰው ወዲያውኑ ይወስናልን? ሁልጊዜ አይወስንም። ማርቲን ፊሽባይንና አይሴክ አይዘን የተባሉ ሊቃውንት በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ኋላም አይዘን በ1991 አስፋፍቶ በጻፈው፣ ቁርጥ ሐሳብ ከሦስት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረድተዋል። አንደኛው ሰውየው ለሥራው ያለው የራሱ ግምት ነው፤ ደግ ነው ወይስ ከንቱ? ሁለተኛው የሚያከብራቸው ሰዎች ስለዚህ ሥራ ምን ይላሉ ብሎ የሚያስበው ነው። ሦስተኛው ሥራው በእጁ መሆኑንና አለመሆኑን የሚገምትበት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ባገራችን ኑሮ ብርቱ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሰው በዕድሩ፣ በማኅበሩና በጉርብትናው መካከል የሚኖር ስለ ሆነ፣ ጎረቤት ያላደረገውን ብቻውን ማድረግ ይከብደዋል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን የተገነዘበ ነበር። በየቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች በአብዛኛው ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ፣ የአካባቢውን ቋንቋና ልማድ የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ከማስተማራቸውም በላይ ምክሩን በሥራ የፈጸሙትን «ሞዴል ቤተሰብ» ብለው ለጎረቤት ምሳሌ እንዲሆኑ ያደርጋሉ። ሰው መጸዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈር መቶ ጊዜ ከሚሰማ ይልቅ እንደርሱው ያለ ጎረቤቱ ሲቆፍር አንድ ጊዜ ቢያይ ይበልጥ ይማራል። የጎረቤቱ ሥራ ሁለት ነገር ይነግረዋልና፦ «ይህ ሥራ ነውር አይደለም» እና «እኔም እችለዋለሁ»።

ሦስተኛው ምንጭ ደግሞ ከምክር ሰጪው ትሕትናን ይጠይቃል። በጭቃ ላይ በበሬ ለሚያርስ ሰው ጫማ ይከብዳል፣ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ ጫማ ቢኖረውም ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ለአፈሩ በሚጋለጥበት የሥራ ሰዓት ግን በባዶ እግሩ ይውላል። ለዚህ ሰው «ጫማ አድርግ» ብሎ መጮኽ ችሎታውን አይጨምርለትም። ለእርሻ የሚመች ጫማ በአቅሙ ዋጋ እንዲያገኝ፣ እስከዚያውም ማታ ከእርሻ ሲመለስ እግሩን በሳሙና በደንብ እንዲታጠብ ማድረግ ግን ይረዳዋል። እንግዲህ ሁሉን ነገር በእምነት ማሳበብም ስሕተት ነው። ውሃ ከአንድ ሰዓት መንገድ የሚቀዳበት ቤት ብዙ ጊዜ የማይታጠበው እምነት ጎድሎት ሳይሆን ውሃ ጎድሎት ነው።

፭/ ቁርጥ ሐሳብ በመንገድ ሲቀር

አሁን ወደ ሁለተኛው ወንዝ ደርሰናል። ሰውየው አምኗል፤ ወስኗልም። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚባለው፣ ከልብ የወሰነ ሰው ማድረጉ አይቀርም ብለን እንገምታለን። ጥናቱ ግን እንዲህ አይልም። ከብዙ ጥናቶች ተሰብስቦ እንደ ታየው፣ ከቁርጥ ሐሳቦች ወደ ሥራ የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

በ1965 ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስለ መንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚናገር ጽሑፍ አስነበቧቸው። ለአንዳንዶቹ የተሰጠው ጽሑፍ እጅግ የሚያስፈራ ነበር፤ ለሌሎቹ የተሰጠው ለዘብ ያለ ነበር። እጅግ የፈሩት ክትባቱን እንወስዳለን የሚለው ሐሳባቸው ይበልጥ በረታ። ክትባቱም በዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱ በበረታባቸውና ባልበረታባቸው መካከል በሥራ ልዩነት አልታየም፤ ጽሑፉን ብቻ ካነበቡት ሄደው የተከተቡት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ።

ለሌሎቹ ተማሪዎች ግን ከጽሑፉ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ተጨመረላቸው። የሐኪም ቤቱ ስፍራ የተመለከተበት ካርታ ተሰጣቸው፤ የሳምንቱን የትምህርት ፕሮግራማቸውን አይተው በየትኛው ሰዓት በዚያ በኩል ሊያልፉ እንደሚችሉ እንዲያስቡም ተነገራቸው። ከእነዚህ መካከል ከመቶ 28 ያህሉ ተከተቡ። ልብ በሉ! የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ስለ ነበሩ ሐኪም ቤቱ የት እንደ ሆነ ካርታ ሳያዩ ያውቁት ነበር። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ ፍርሃትም አልነበረም። የጎደላቸው «መቼ? በየት በኩል?» የሚለው ነበር።

በ2002 በእንግሊዝ አገር በተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ይህንኑ አጸና። ለአንደኛው ቡድን ስለ ሰውነት ማጠንከሪያ ምንም አልተመከረም፤ በሳምንቱ ውስጥ ስፖርት የሠሩት ከመቶ 38 ሆኑ። ሁለተኛው ቡድን ስፖርት ከልብ በሽታ እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበበ፤ ሐሳቡ ቢበረታም የሠሩት ከመቶ 35 ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ቡድን ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ፣ በተጨማሪ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና በየትኛው ስፍራ እንደሚሠራ በወረቀት ጻፈ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 91ዱ ሠሩ።

እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ይህን የሚያህል ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በ2011 በታተመ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ድርጅት ሠራተኞች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚወስዱበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፉ ሲጋበዙ፣ የተከተቡት ከመቶ 33.1 ወደ 37.1 ከፍ አሉ። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በአንዲት ወረቀት ላይ ካለች አንዲት መስመር በቀር ያስወጣው ወጪ የለም።

ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም። «አንድ ቀን አደርገዋለሁ» ያለ ሰው ያን ቀን ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ ቀኑ ሲመጣ አያየውም፣ ያልፈዋል። «ማክሰኞ ከሂሳብ ትምህርት በኋላ» ያለ ሰው ግን ማክሰኞ ራሷ ታስታውሰዋለች። በተለይም አዲሱን ሥራ በየቀኑ ከማይቀር አሮጌ ሥራ ጋር ማሰር ይጠቅማል። በቤታችን ቡና የማይፈላበት ቀን ጥቂት ነው፤ መድኀኒት የታዘዘላት እናት «ቡናው ሲፈላ እውጣለሁ» ካለች፣ የጀበናው ሽታ ከማናቸውም ሰዓት ይበልጥ ያስታውሳታል።

፮/ ከዚህ ምን እንማር?

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ! ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደየቤታችን ስንመለስ ያወቅነውን ለቤተሰባችን መንገር ግዴታችን ነው። አነጋገራችን ግን ሥርዓት ያለው ይሁን። አያታችን ስለ አንድ በሽታ የሚያምኑትን ሲናገሩ መሳቅ ጋጠ ወጥነት ከመሆኑም በላይ ከንቱ ሥራ ነው፤ የተሳቀበት እምነት ይደበቃል እንጂ አይለወጥም። ይልቁንስ በትሕትና «ይህ በሽታ ከምን የሚመጣ ይመስልዎታል? ምንስ አይተው ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ስንሰማ ከአምስቱ ጥያቄዎች መካከል የትኛው ላይ እንደ ቆሙ ይገባናል። «እኔን አይዘኝም» ለሚል ሰው ስለ ዋጋ መናገር፣ ዋጋው ለከበደውም ስለ በሽታው አስፈሪነት መተረክ፣ ራሱን ለሚያመው ሰው የሆድ መድኀኒት እንደ መስጠት ነው።

መምህራኖቻችንና ወላጆቻችንም ከዚህ አንድ ነገር እንዲያስቡልን በአክብሮት እንለምናለን። ስለ ጤና ያስተማሩን ትምህርት በፈተና ብቻ እንዳይለካ ነው። በትምህርት ቤቱ የመታጠቢያ ቦታ ውሃና ሳሙና ቢገኝ፣ እግሩ ያበጠ ልጅም ከመካከላችን ሲቀመጥ ማንም ወንበሩን የማይሸሽ ቢሆን፣ ከብዙ ምዕራፍ የበለጠ ያስተምራል። እርሱ ትምህርቱን ሳይተው የሚቀረው በአንድ ሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ በአርባ ተማሪዎች እምነት መለወጥም ጭምር ነው።

በመጨረሻም ይህ ጽሑፍ ተነብቦ ብቻ እንዳይቀር፣ አንባቢ እርሳስ አንሥቶ ቀጥሎ ያሉትን በደብተሩ ላይ እንዲመልስ እለምናለሁ።

1. ስለ ጤናህ ልታደርገው አስበህ እስካሁን ያላደረግኸው አንድ ነገር ምንድን ነው?
2. ከአምስቱ ጥያቄዎች የትኛው አግዶሃል? ያገደህ እምነት ነው ወይስ የችሎታና የገንዘብ እጦት?
3. ያገደህ እጦት ከሆነ ማን ሊረዳህ ይችላል? ስሙን ጻፍ።
4. በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየት ስፍራ ታደርገዋለህ? በየቀኑ ከምታደርገው ከየትኛው ሥራ ጋርስ ታስረዋለህ?

አራተኛውን ጥያቄ «በሚመች ጊዜ» ብሎ የመለሰ ተማሪ ገና አልመለሰውም፤ እንደ ገና ይጻፈው።